እሳቱ ከየት ተነሣ?

አፋፍ ጊዮርጊስ፣ ጣና ዳር
መጋቢት 20 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለፅጌ ማርያም፣

የጾሙን ወራት በደህና ያሻግርሽ። እናቶቻችን የእኅትማማች ልጆች ናቸውና፣ አንቺ አውስትራሊያ እኔ ጣና ዳር ብንሆንም ዘመድነታችን አልራቀብኝም። እኔም፣ የሺአረግም፣ ልጆቹም፣ ቸሩ መድኃኔ ዓለም ይመስገን፣ በሕይወት አለን።

«በሕይወት አለን» የሚል ሰው አንድ ነገር ቢደርስበት ነው እንደምትዪ አውቃለሁ። ደርሶብናል። መጋቢት 9 ቀን ዓርብ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ የሐይቁ ነፋስ በሚበረታበት ጊዜ እሳት ተነሥቶ የጊዮርጊስን ደን ግማሹን በላው። ከደኑም ወደ መንደር ተሻገረ። ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ሰባት ቤት አመድ ሆነ። ቡናው፣ ጌሾው፣ በየዛፉ የተሰቀለው ቀፎ ሁሉ ሄደ። ሰው አልሞተም፤ ለዚህ ጠዋት ማታ ተመስገን እላለሁ። እኛ ቤት እሳቱ አልደረሰም። ነፋሱ በወዲያ በኩል ወሰደው።

የከበደው በወለላ ላይ ነው። የመሪጌታ ሀብተ ሥላሴ ልጅ፣ ባሏ የሞተባት፣ ከእኛ ዝቅ ብላ የምትኖረው። እናቷ እማሆይ ወለተ ጊዮርጊስ ዐይናቸው አያይምና እኔና አንድ ጎረቤት በቁርበት ይዘን አወጣናቸው። ከቤቷ ግን ማንኪያ አልወጣም።

በሦስተኛው ቀን ከባሕር ዳር አሥራ አራት ሰዎች በጀልባ መጡ። የጣና ዳር በጎ ፈቃደኞች ክበብ ነው የሚባሉት፤ ከየመሥሪያ ቤቱ ተሰባስበው የዕረፍት ቀናቸውን ለሰው የሚሰጡ ናቸው። ሰብሳቢያቸው ሕዝቅኤል የሚባል የፋብሪካ መካኒክ ነው፤ ከአርባ ምንጭ ለሥራ መጥቶ እዚሁ የቀረ። ባዶ እጃቸውን መምጣታቸውን ሲያይ ሰዉ አጉረመረመ። ሕዝቅኤልም፣ «ብርድ ልብስ ጭነን መጥተን የቸገራችሁ ድስት ቢሆንስ? አንድ ቀን ስጡን፣ መጀመሪያ እንጠይቅ» አለ። ቤት ያለውን ቤት ለቤት፣ ቤት የሌለውን ዛፍ ለዛፍ እየዞሩ ጠየቁ። በማግስቱ የተባለው ሁሉ መጣ፤ ድስት፣ ጀሪካን፣ ፍራሽ፣ ገመድ፣ ለሕፃናት ወተት። እማሆይ የጠየቁት ዳዊት ነበር። «ለማያይ ዐይን ምን ያደርጋል?» ቢሏቸው፣ «ራስጌዬ ካልሆነ እንቅልፍ አይወስደኝም» አሉ። እሱም መጣ።

እኔን ጽሕፈት ይችላል ብለው ዝርዝር ያዥ አደረጉኝ። ማን ምን እንደጎደለበት፣ ማን ምን እንደደረሰው እጽፋለሁ። እጄን እሳቱ ትንሽ ስለነካው ፊደሌ ቢንጋደድ አትፍረጂብኝ።

ይህችን ደብዳቤ ፀደንያ የምትባል የክበቡ ልጅ፣ ባሕር ዳር ፋሲሎ ሰፈር የምትኖር የኮሌጅ መምህርት፣ በስልኳ አንሥታ ትልክልሻለች። መልስሽንም አትማ ታመጣልኛለች። ክረምቱ ሳይደርስብን ለሰባቱ ቤት ጣሪያ የሚሆን ነገር አስቢልን። የእኔም ጫማ እዚያው ቀልጦ ቀርቷል።

የአባቶቻችን ጸሎት አይለይሽ።
ወንድምሽ ቢያዝን


ቪክቶሪያ፣ አውስትራሊያ
መጋቢት 29 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለአያ ቢያዝን፣

እጅ ነሥቻለሁ። እርስዎንም እትዬ የሺአረግንም ልጆቹንም ከእሳት ያወጣ አምላክ ስሙ ይመስገን። ደብዳቤዎን ሥራ ቦታ፣ አረጋውያን በምንጦርበት ቤት መተላለፊያ ላይ ቆሜ ነው ያነበብሁት።

አንድ ነገር ልንገርዎ። በ2012 ጥር «ቤት ቀየርሁ» ብዬ ጽፌልዎ ነበር። አልቀየርሁም፤ ተቃጠለ። እዚህ ገና በዓል በጋ ነው፤ ጫካው ደርቆ ይቆይና አንድ ክብሪት ይበቃዋል። እኔ የለበስሁትን ይዤ ወጣሁ፣ ሦስት ቀን በስፖርት አዳራሽ ወለል ላይ ሰነበትሁ። የደረሱልን እንደ ሕዝቅኤል ያሉ ሰዎች ነበሩ፤ የከተማችን የአገልግሎት ክበብ፣ ብዙዎቹ ጡረተኞች። ሰማንያ ዓመት ያለፋት ሴት ስሜን እንኳ ሳትጠይቅ ካልሲ ሰጠችኝ። በባዶ እግሬ መሆኔን ያየ ሌላ ሰው አልነበረም። ቤት ካገኘሁ በኋላ እኔም ክበቡ ውስጥ ገባሁ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ የገበሬዎችን የተቃጠለ አጥር እንጠግናለን። ሽቦ ስወጥር ቢያዩኝ ይሥቁብኛል።

ለምን እንዳልነገርኋችሁ እኔም በደንብ አላውቀውም። ከእኔ የሚጠብቅ ዘመድ ፊት ተረጂ ሆኜ መታየት ያሳፈረኝ ይመስለኛል። ለእናቴም እስከ ዛሬ አልነገርሁም፤ እርስዎም መራዊ ሲወርዱ እንዳይነግሯት።

ክበባችን ለሰባቱ ቤት የጣሪያ ቆርቆሮ ለመርዳት ተስማምቷል፤ በሕዝቅኤል ክበብ በኩል ይደርሳል። የእርስዎን ጫማ ለፋሲካ በሚመጣ ሰው ልኬአለሁ።

እሳቱ ከየት ተነሣ? አልጻፉልኝም። እኛ ዘንድ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው፤ ሰው ለመያዝ አይደለም፣ ለከርሞ ለመጠንቀቅ ነው። «ትንሽ ነካው» ያሉት እጅዎስ ምን ያህል ነው?

እኅትዎ ፅጌ ማርያም


አፋፍ ጊዮርጊስ
ሚያዝያ 25 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለፅጌ ማርያም፣

ከጨለማ ወደ ብርሃን ያወጣን የትንሣኤው ጌታ ዕድሜሽን ያርዝመው። መልሴ የዘገየው በዓሉም ሥራውም ስለበዛ ነው።

ስለ ቤትሽ ያነበብሁ ዕለት አለቀስሁ። ብቻሽን አዳራሽ ወለል ላይ! ለእናትሽ አልነግርም፤ አንቺው ትነግሪያታለሽ።

ቆርቆሮው ደርሷል፤ ከጀልባ ወደ መንደር ሴቱም ወንዱም ተሸክሞ አወጣው። ሕዝቅኤል ራሱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ምስማር ይመታል። ፀደንያ የቀለም ሰው ናት፣ ጭቃ ስታቦካ ግን ከእኛ ሴቶች አትተናነስም። ሦስት ቤት አልቋል። አራተኛው የወለላ ነው። ወለላ ባየችኝ ቁጥር፣ «አያ ቢያዝን፣ መጀመሪያ ጮኸው ያስነሡን እርስዎ፣ እናቴን ያወጡልኝ እርስዎ፤ እግዚአብሔር በልጆችዎ ይክፈልዎ» ትለኛለች። እኔም አሜን እላለሁ።

እጄ እየዳነ ነው። ሁለቱ ጣቶቼ አይታጠፉም እንጂ ሌላው ደህና ነው። የላክሽውን ጫማ ለሌላ ሰው ሰጠሁት፤ በጣም ጥሩ ጫማ ነበር፣ እንዳይከፋሽ። ከእንግዲህ ለእኔ ምንም አትላኪ። ልብሽ ከፈቀደ ለወለላ ይሁን፤ ቡናዋ ሁሉ ነው የተቃጠለባት።

ክበቡ በሐምሌ ችግኝ ሊያስተክል ነው። በዚያን ጊዜ እኔን ሊያመሰግኑኝ፣ በስሜ ወረቀት ሊያዘጋጁልኝ አስበዋል። አይገባኝም ብዬ ነበር። ትሕትና መሰላቸው።

ወንድምሽ ቢያዝን


ቪክቶሪያ
ግንቦት 4 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለአያ ቢያዝን፣

ጤናዎ ይብዛልኝ። ጫማው ለሌላ ሰው መሰጠቱ አልከፋኝም። የከፋኝ «ለእኔ ምንም አትላኪ» ያሉት ነው። እርስዎ ከዘመድ የመጣ ነገር ገፍተው አያውቁም፤ ልጅ ሳለሁ ከመራዊ ያመጣንልዎትን ኑግ እንኳ ተነሥተው ነበር የሚቀበሉት። አሁን ምን መጣ?

ለወለላ የሚሆን የቡና ችግኝ ይገዛ ብዬ ለፀደንያ ልኬላታለሁ።

እዚህ የሆነ ነገር ላጫውትዎ። የእኛን ከተማ ያቃጠለው እሳት የተነሣው ከአንድ ጎረቤታችን ግቢ ነበር። ሰውዬው በሞተር ሣር ሲያጭድ ምላጩ ድንጋይ መታ፣ ከድንጋዩ እሳት ተፈናጠረ። ሆን ብሎ አይደለም። ግን ለማንም ሳይናገር ቤቱን ሸጦ ሄደ፤ ነገሩ የታወቀው ከሄደ በኋላ ነው። አሁን ሰዎች ስለ እሳቱ ሲያወሩ ያን ያህል አይመርራቸውም። «እኛ ጋ መጥቶ ሻይ ይጠጣ ነበር፣ ዐይናችንን እያየ ይጠጣ ነበር» ይላሉ። እሱን ነው ያልረሱት።

ለምን እንደነገርሁዎ አላውቅም። ብቻ በመጋቢት አንድ ነገር ጠይቄዎ ነበር፤ ሌላውን ሁሉ መለሱልኝ፣ እሱን ዘለሉት። በፀደንያ ስልክ የማይላክ ነገር ካለ ፖስታ ቤት አለ። አድራሻዬን ከታች ጽፌአለሁ።

እኅትዎ ፅጌ ማርያም


ባሕር ዳር
ሰኔ 14 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለፅጌ ማርያም፣

ሰላምታዬን በአጭሩ ተቀበይኝ፤ ካስረዘምሁት ሳልጽፈው እመለሳለሁ። ይህችን ደብዳቤ ፀደንያ አላየቻትም። ማለዳ በጀልባ ተሻግሬ፣ ፖስታ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጬ ነው የምጽፋት።

እሳቱን ያነሣሁት እኔ ነኝ።

ያን ዓርብ ማሳዬን ለማጽዳት ረፋድ ላይ የበቆሎ አገዳ ከምሬ ለኮስሁ። ነፋስ አልነበረም። ነድዶ ሲያበቃ በእግሬ ረገጥሁት፣ አፈር በተንሁበት፣ ጠፍቷል አልሁ። ፍም ከአገዳ ሥር ተኝቶ እንደሚቆይ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ውሃ ሊደፋበት ይገባ ነበር። ሐይቁ መቶ እርምጃ ነው፣ ፅጌ ማርያም። መቶ እርምጃ ሰነፍሁ። የጾም ቅዳሴ እንዳያመልጠኝ ብዬ ሄድሁ።

ቅዳሴ ላይ ቆሜ ሳለሁ ጭስ ሸተተኝ። ከሁሉ በፊት ያወቅሁት እኔ ነበርሁ፤ ማወቄ ደግሞ ለምን እንደሆነ አሁን ይገባሻል። «እሳት!» ብዬ ጮኬ ወጣሁ። ስሮጥ፣ በቅጠል ስመታ፣ እጄ ሲነድ፣ እማሆይን ስሸከም፣ በልቤ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ማንም ሳያውቅ ላጥፋው። ሰዉ ግን ጀግና አለኝ።

ማንም አልጠየቀኝም። ከሰል አክሳይ ነው አሉ፣ ማር ቆራጭ ነው አሉ። አንድ ቀን ገበያ ላይ ከማዶ የመጣ ከሰል ሻጭ፣ የልጆች አባት የሆነ ሰው፣ ከበው ሊደበድቡት ሲሉ ገባሁና «ተዉት፣ በምን አወቃችሁ?» አልሁ። «ቢያዝን ፍርድ ያውቃል» አሉኝ። ቤቴ ገብቼ የሺአረግን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ለእሷም አልነገርኋት።

ከሁሉ የጎዳኝ ደግነታቸው ነው። ሕዝቅኤል ከሥራው መልስ ጀልባ ይዞ ይመጣል፤ የማያውቀውን ሰው ቤት ይሠራል። ፀደንያ እጄን ጤና ጣቢያ ወስዳ ስታሳክመኝ ተራ ጠብቃ ቆማ ዋለች። አመሰግናለሁ ማለት እፈልጋለሁ፤ ምስጋናው ጉሮሮዬ ላይ ሲደርስ ውሸት ይሆንብኛል።

የችግኙ ቀን ሐምሌ 23፣ በጊዮርጊስ ዕለት ነው። ሰው ሁሉ ፊት ሊያቆሙኝ ነው። ብናገር ልጆቼን በመንደሩ ምን ይሏቸዋል? ዝም ብል ደግሞ ያ ያንቺ ጎረቤት ሆንሁ። ምን ትመክሪኛለሽ?

ቢያዝን


ቪክቶሪያ
ሐምሌ 19 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለአያ ቢያዝን፣

የሰኔው ደብዳቤዎ ትላንት ገና ደረሰኝ። ፖስታው ዘግይቶብኝ እንጂ ልቤ አልዘገየም። ቀኑ ስለቀረበ በፀደንያ በኩል አጭር ቃል ብቻ እልካለሁ፤ ለሌላ ሰው ባይገባም ለእርስዎ ይገባዎታል።

ዓርብ ዕለት ወለላ ቤት ይግቡ። ከጉባኤው በፊት ለእሷ ይሁን፤ ከሰው ጋር ሆና እንዳትሰማው። እኔ ዘመድዎ ነኝ፤ ዛሬም፣ ቅዳሜም፣ ከዚያ ወዲያም።

ፅጌ ማርያም


አፋፍ ጊዮርጊስ
ነሐሴ 8 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለፅጌ ማርያም፣

የፍልሰታ በረከት ይድረስሽ። ይህንንም ፀደንያ እያየች ትልከዋለች፤ ከእንግዲህ የምደብቀው የለኝም።

መልእክትሽን ያመጣችልኝ ሐሙስ ነው። አንብባው ኖሮ፣ «ጋሼ፣ ወይዘሮ ወለላ ቤት ምን አለ?» አለችኝ። «ነገ ገብቼ ስወጣ እነግርሻለሁ» አልኋት። ማታ ለየሺአረግ ነገርኋት። አልጮኸችም። «ከእኔ ጋር እየበላህ?» ብቻ አለችና ፊቷን አዞረች።

ዓርብ ወለላ በአዲሱ ቤቷ ውስጥ ግድግዳ ትመርግ ነበር፤ ክንዷ እስከ ክርኑ ጭቃ ነው። ስታየኝ እንደ ልማዷ ልትመርቀኝ ጀመረች።

«ተይ ወለላ፣ አትመርቂኝ። እሳቱ የወጣው ከእኔ ማሳ ነው» አልኋት።

«ከማሳዎ ማን ለኮሰው?»

«እኔ። አገዳ አቃጥዬ በደንብ ሳላጠፋ ሄድሁ።»

ጭቃውን ከእጇ አራገፈች። «አራት ወር ሙሉ ስመርቅዎ፣ አሜን ይሉ ነበር?» አለች።

«አዎ» አልሁ።

«ይውጡልኝ።»

እማሆይ ከጓዳ «ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። ወለላም «ማንም አይደለም» አለቻቸው። እየሰማሁ ወጣሁ።

ቅዳሜ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቅኤል ስሜን ጠራና ወረቀቱን ዘረጋ። ሳልቀበለው ተናገርሁ። መጀመሪያ አንድ ሁለት ሰው ሣቀ፤ ቀልድ መስሏቸው። ከዚያ አንዱ ቤት የተቃጠለበት፣ «በሕግ ይጠየቅ!» አለ። ሌላውም፣ «ከሰል ሻጩን ልንገድለው ነበር እኮ!» አለና ተቀምጦ ራሱን ያዘ። የደብሩ አለቃ አንዳርጋቸው ሰውን አረጋግተው ሽማግሌ አስቀመጡ። እዚያው ዝናብ እየመታን ተፈረደ። ከደኑ ዳር እስከ መንደሩ የእሳት መከላከያ መስመር በየዓመቱ ጥር ላይ እኔ እመነጥራለሁ፤ ከእሳቱ የተረፈልኝን የዘንድሮ ቡናዬን ለሰባቱ ቤት አካፍላለሁ፤ ያልተጠናቀቁትን ቤቶች በጉልበቴ እጨርሳለሁ፤ ማዶ ሄጄም ከሰል ሻጩን ይቅርታ እጠይቃለሁ። «በሕግ» ያለውም በዚህ ታረቀ። ወለላ ግን፣ «የእኔን ቤት ሌላ ሰው ይጨርስልኝ» አለች። ልክ ናት።

ሲበተን ሕዝቅኤል ጠጋ አለኝ። «ጋሽ ቢያዝን፣ ዝርዝሩን ለሌላ ሰው እንሰጠዋለን» አለ። «ይገባል» አልሁ። ሊሄድ ሲል መለስ አለና፣ «ማክሰኞ ግን አካፋ ይዘው ይምጡ። ችግኙ ብዙ ነው፣ ሰው ያንሰናል» አለኝ።

ሄድሁ። ማክሰኞም፣ በቀጣዩም ሳምንት ሄድሁ። አጠገቤ የሚተክል አልነበረም፤ ፀደንያ ብቻ ችግኝ ታቀብለኝ ነበር። ማዶም ተሻገርሁ። ከሰል ሻጩ፣ «አንተ ባትገባ ኖሮ ዛሬ ይቅርታ የምትጠይቀው ሰው አታገኝም ነበር» ብሎ እራት ሳትበላ አልለቅህም አለኝ።

ለሕዝቅኤልም ለፀደንያም፣ ለዚያች የካልሲ ሴትዮና ለክበባችሁ ሰዎችም፣ አሁን አመሰግናለሁ። አሁን ሳልተናነቅ ይወጣልኛል።

ወንድምሽ ቢያዝን


ቪክቶሪያ
መስከረም 4 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለአያ ቢያዝን፣

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገረዎ። የእርስዎን ደብዳቤ ካነበብሁ በኋላ እኔም ስልክ አነሣሁና ለእናቴ ቤቴ መቃጠሉን ነገርኋት። ሁለት ዓመት ተኩል ደብቄያት! በደንብ ከሰደበችኝ በኋላ፣ «የዚያችን ካልሲ የሰጠችሽን ሴት ስም ንገሪኝ፣ በጸሎት ላስባት» አለችኝ። ዶሮቲ ትባላለች። እናቴ ስሙ አልያዝላት ስላለ ለመራዊ ቄስ በወረቀት አስጽፋ ሰጠቻቸው። ለዶሮቲ ስነግራት እንደ ልጅ ሣቀች፤ ከዚያ ዐይኗን ጠረገች።

ወለላን አይቸኩሉባት። በአጠገቧ ሲያልፉ ሰላም ይበሉና ይለፉ። የእትዬ የሺአረግንስ ነገር ምን አደረጉት?

እኅትዎ ፅጌ ማርያም


አፋፍ ጊዮርጊስ
ኅዳር 14 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለፅጌ ማርያም፣

እናትሽን በዕድሜ፣ አንቺን በጤና፣ ዶሮቲንም በአገሯ ይጠብቅልኝ። ከየሺአረግ ጋር ታርቀናል፤ ይኸው አሁን አጠገቤ ተቀምጣ «የእኔንም ሰላምታ ጻፍ» ትለኛለች።

እንዳልሽኝ አደረግሁ። ወለላን መንገድ ላይ ሳገኛት ሰላም እላለሁ፣ እሷም ራሷን ነቅነቅ አድርጋ ታልፋለች። ሁለት ወር እንዲሁ ሄደ። እኔም ዕድሜ ልኬን እንዲህ ቢሆን አይፈረድባትም ብዬ ነበር።

በኅዳር ሚካኤል ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ አጥራችን ላይ ቆመች። አልገባችም። «ነገ ዳጉሳዬን ላሳጭድ ነው። ስድስት ማጭድ አለኝ፣ አንድ ጎድሎኛል» አለች።

«እሺ፣ እመጣለሁ» አልኋት። «እንኳን አንድ ቀን፣ አጨዳው እስኪያልቅ እመጣለሁ። ሽማግሌዎቹ ከፈረዱብኝ ላይ ይቆጠር።»

ፊቷ ኮስተር አለ። «የተፈረደበት ሰው አልፈለግሁም። ወንፈል ነው የምልዎ። ነገ እርስዎ ይመጣሉ፣ ሐሙስ እኔ ከአጫጆቼ ጋር ወደ እናንተ እመጣለሁ።»

ወንፈል ምን እንደሆነ አልረሳሽውም መቼም። ቅጣት ይከፈልና ያልቃል። ወንፈል ግን ተራ ነው፤ ተራ የሚገቡት ደግሞ ከጎረቤት ጋር ነው። የሺአረግ ከውስጥ ሆና፣ «እሺ ይመጣል!» አለችልኝ።

ትላንት ሄድሁ። ሁለቱ ጣቶቼ ባይታጠፉም ማጭድ ይይዛሉ። ከሰባቱ መሐል አሰለፉኝ፤ «በሕግ ይጠየቅ» ያለው ሰው ከቀኜ ነበር፣ ስንደክም እሱ ነው ዘፈን ያነሣው። እማሆይ ከጥላው ሥር ሆነው ድምፃችንን ለይተው በየስማችን ሲመርቁን ዋሉ። የእኔ ስም ሲደርስ አሜን አልሁ።

ነገ ሐሙስ ነው። የሺአረግ ለስምንት ሰው ምሳ ልታዘጋጅ ሽሮ እያስፈጨች ነው፣ ጾሙ ነገ ይገባል። እኔም እዚህ ላይ ላቁም፤ ወለላ በማለዳ ትደርሳለች፣ ማጭዶቹን ገና አልሳልኋቸውም።

ወንድምሽ ቢያዝን